የፊት ጎማ ሲያጉረመርም

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት ጆሮ ያስፈልገዋል። አንደኛው የባልንጀራውን ጨዋታ የሚሰማበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመኪናውን ድምፅ የሚያዳምጥበት ነው። ሰው ሲታመም «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ለሐኪም ይናገራል። መኪና ግን አንደበት ስለሌላት ሕመሟን የምትገልጸው በማጉረምረም፣ በመንቀጥቀጥና በመሽተት ነው። ባለቤቱ በጊዜ የሰማት እንደ ሆነ በጥቂት ገንዘብና በግማሽ ቀን ሥራ ትድናለች፤ ሳይሰማት የቀረ እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን ከነቤተሰቡ መንገድ ላይ ትጥለዋለች። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪናም የተነገረ ይመስላል።

ከብዙዎቹ ድምፆች መካከል ዛሬ የምንመረምረው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሲያረጅ የሚሰማው ነው። ለምርመራችንም ቮልስዋገንን መርጠናል። ስለ ምን ቢሉ፣ ይህች ጎባጣ መኪና በአገራችን የማያውቃት ሰው የለም፤ አሠራሯም ቀላል ስለሆነ መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ተማሪ ወይም ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጥሩ አስተማሪ ትሆናለች።

በሸኖ መንገድ ላይ የሆነው

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት በራሴ ላይ የደረሰውን ላጫውትዎ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለጥምቀት በዓል አክስቴንና ሁለት ልጆቻቸውን አሳፍሬ ወደ ደብረ ብርሃን ተጓዝኩ። መኪናዬ አሮጌ ቮልስዋገን ነበረች። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከፊቷ በኩል የወፍጮ ቤት ድምፅ የሚመስል ጉርምርምታ ማሰማት ጀምራ ነበር። ወደ አንድ ጋራዥ ብወስዳት «ይህ የካምቢዮ ሕመም ነው፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አሉኝ። የጠየቁኝም ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ነበር። እምቢ ብዬ ተመለስኩ። በኋላም አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «የጎማ ኩሽኔታ ይሆናል እንጂ ካምቢዮ አይደለም» ስላለኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ፈትቼ አዲስ ኩሽኔታ አስገባሁ። ድምፁም ጠፋ። በዚያ ሰሞን የእኔን ባለሙያነት ያልሰማ ሰው በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም።

ታዲያ በጉዞው ቀን አሌልቱን አልፈን ሸኖ ሳንደርስ አክስቴ «አንተ ልጅ፣ የሚቃጠል ነገር አይሸትህም?» አሉኝ። «ከውጭ ነው እትዬ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ጥቂት እንደ ሄድን መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ወርጄ ብመለከት ከግራው የፊት ጎማ መሐል ግራሶ ቀልጦ በቸርኬው ላይ ወርዷል፤ ውሃ ጠብ ባደርግበት «ጭስ» ብሎ ተነነ። ልጆቹ ፈሩ፤ እኔም ከእነርሱ ባልተናነሰ ፈራሁ።

ከኋላችን ይመጣ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ቆመና ሸበቶ ሹፌር ወረዱ። ጎማውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸን ማን ነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ባለኝ ኃይል ሁሉ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ኩሽኔታ እኮ እንደ ጠላ ጋን አፍ ታሽጎ አይቀመጥም። መተንፈሻ ይተውለታል» አሉኝ። ጎማው እስኪበርድ ጠብቀው ዳዶውን በጥቂቱ አላሉልኝና ከኋላዬ እየተከተሉ እስከ ሸኖ በእርምጃ አደረሱኝ። አክስቴና ልጆቹ በአውቶቡስ ሄዱ፤ እኔ ከመኪናዬ ጋር ቀረሁ። ኋላ ሲፈታ ኩሽኔታው በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብጨምር ኖሮ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ዘንጉን በቆረጠው፣ ጎማውም ከነታምቡሩ ወጥቶ በሄደ ነበር። ብልህ ከሰው ስሕተት ይማራል ይባላልና፣ የእኔ ስሕተት ለእርስዎ ትምህርት እንዲሆን ነው ይህን የምጽፈው።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

ጎማው ይዞራል፤ የቆመበት የብረት ዘንግ ግን አይዞርም። ብረት በብረት ላይ ቢፋተግ ሁለቱም በአጭር ጊዜ ይበላሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚንከባለል ነገር ይገባል። ከባድ ድንጋይ ለማንቀሳቀስ ከሥሩ ድቡልቡል እንጨት እንደምናስገባ ያለ ነው። ኩሽኔታ ማለት እንግዲህ ሁለት የጠነከረ ብረት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚንከባለሉ ኳሶች ወይም ከበሮ የሚመስሉ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። የውስጡ ቀለበት በዘንጉ ላይ፣ የውጭው ቀለበት በታምቡሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ኳሶቹ ሁሉ እኩል ካልሆኑ ሸክሙ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ይህን ችግር የፈታው ፍሪድሪኽ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 በሽቫይንፉርት ከተማ የብረት ኳሶችን እኩል አድርጎ የሚሞርድ መኪና ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ሄንሪ ቲምከን የተባለ አሜሪካዊ ጋሪ ሠሪ፣ በአንድ ወገን ቀጠን በሌላው ወፈር ያለ ተንከባላይ ብረት የገባበትን ኩሽኔታ በስሙ አስመዘገበ። የእርሱ ኩሽኔታ ከላይ የሚመጣውን ሸክም ብቻ ሳይሆን መኪና ሲታጠፍ ከጎን የሚመጣውንም ግፊት ስለሚችል ለጎማ እጅግ ተስማሚ ሆነ።

በቮልስዋገን እያንዳንዱ የፊት ጎማ ሁለት ኩሽኔታ አለው፤ ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጭ በኩል። የቆዩቱ ሞዴሎች ባለ ኳስ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው እንደ ቲምከን ዓይነት ሾጣጣ ተንከባላይ ያለባቸው ናቸው።

ስለ መኪናዋም ጥቂት እንበል። ፌርዲናንድ ፖርሸ የተባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ የነደፋት ይህች መኪና፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውሃ ሳይሆን በነፋስ የሚበርድ ነው። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 እስክትሠራ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። በእኛም አገር ታሪክ ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከልጅ ልጆቿ ጋር እየተጋፋች ስትሄድ ትታያለች።

ሕመሙን ለይቶ ማወቅ

ከመፍቻ በፊት ጆሮ ይቅደም። የተሳሳተ ምርመራ ከሕመሙ የበለጠ ገንዘብ ይበላልና። ኩሽኔታ ሲበላሽ የሚያሰማው ድምፅ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ድምፅ ከሌላ ቦታም ሊመጣ ስለሚችል ቀጥሎ ያሉትን ፈተናዎች በተራ ያድርጉ።

አንደኛ፤ ሜዳና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ሲሄዱ ለጥቂት ጊዜ ማርሹን ፎሌ ያድርጉት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ጉርምርምታው እንዳለ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ነው። ማርሽ ቢቀያይሩም ድምፁ የሚከተለው የመኪናዋን ፍጥነት ብቻ ከሆነ፣ ጥርጣሬዎን ከካምቢዮው አንሥተው ወደ ጎማዎቹ ያዙሩ። በቁልቁለት ላይ ግን ይህን ፈተና በፍጹም አያድርጉ።

ሁለተኛ፤ መንገዱን ይቀያይሩ። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች፣ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ሲገቡ ድምፁ ጠባዩን የሚለውጥ ከሆነ የጎማው ጥርስ ያላግባብ ተበልቶ ይሆናል። የኩሽኔታ ድምፅ ግን መንገድ አይመርጥም።

ሦስተኛ፤ ፍሬኑን በእርጋታ ይርገጡ። ድምፁ በዚያች ቅጽበት ብቻ የሚመጣ ወይም የሚጠፋ ከሆነ የፍሬኑን ሸራ መመርመር ይቀድማል።

አራተኛ፤ ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት መሪውን ወደ ቀኝ ቀጥሎም ወደ ግራ በዝግታ ያዘንብሉ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሸክሙ በግራ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኞቹ ላይ። ስለዚህ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የሚብስ ጉርምርምታ ከግራው ጎማ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ጤነኛውን ጎማ ይፈታል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፈተና መኪናዋ ቆማ የሚደረግ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት ያንሡና አንድ እጅዎን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርገው ጎማውን ወደ ራስዎና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ለእጅ እምብዛም የማይታወቅ ጥቂት ልቀት ጤና ነው። «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ግን አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ይርገጥልዎና እንደ ገና ይወዝውዙ። ፍሬኑ ሲረገጥ ልቀቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ግን ፔርኖው ወይም ሌላው የመሪ መገጣጠሚያ አርጅቷል ማለት ነው። ቀጥለው ፍሬኑን አስለቅቀው ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። አንድ እጅዎን ከበስተኋላ ዘንጉን በያዘው ብረት ላይ ቢያሳርፉ፣ ጤነኛ ኩሽኔታ ለስላሳ ነው፤ የታመመው አሸዋ የገባበት ያህል ሲሻክር በጣትዎ ይሰማዎታል።

ለሥራው የሚያስፈልገው

ክሪክ፣ ካቫሌቶ የሚባለው የብረት መቆሚያ፣ ሁለት ድንጋይ ወይም የእንጨት ሽብልቅ፣ የጎማ መፍቻ፣ የዳዶ መፍቻዎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የናስ በትር፣ ላምባ፣ ንጹሕ ጨርቅና የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ ያዘጋጁ። ዐይንዎን የሚከልል መነጽርም አይርሱ፤ የኩሽኔታ ብረት ጠንካራ ስለሆነ በመዶሻ ሲመታ እንደ መስተዋት ሊፈነጠር ይችላል።

ኩሽኔታ ሲገዙ፣ በሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ የመለዋወጫ ሱቅ፣ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። በቀለበቱ ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የታወቁ ፋብሪካዎች ስም በሐሰት የታተመበት ዕቃ በዓለም ገበያ ሁሉ ስላለ፣ ጽሕፈቱ የደበዘዘ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ወይም ዋጋው እጅግ የረከሰ ከሆነ ይጠራጠሩ። የውስጡንና የውጭውን ኩሽኔታ አብረው ይግዙ፤ ግራሶው እንዳይፈስ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበትም ጨምሩልኝ ይበሉ፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገባምና።

አፈታቱ

መኪናዋ በጠንካራና በደልዳላ መሬት ላይ ትቁም። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ የኋላ ጎማዎቹንም ከፊትና ከኋላ ሽብልቅ ያስገቡባቸው። የጎማውን ብሎኖች ገና ጎማው መሬት ላይ ሳለ በጥቂቱ ያላሉ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክ በጎኗ በኩል የሚገባ ሲሆን የአንድ ወገን ሁለቱንም ጎማ ያነሣል፤ የሚገባበትም ቦታ በአሮጌ መኪኖች ላይ ዝገት የበላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ላይ አይሥሩ። ካቫሌቶውን ከፊት ለፊት በሚታዩት ወፋፍራም የብረት ቧንቧዎች ሥር፣ ወደ ጎማው አስጠግተው ያቁሙና ሸክሙን በእርሱ ላይ ያሳርፉ።

ጎማውን ካወጡ በኋላ በታምቡሩ መሐል እንደ ትንሽ ኩባያ ያለ የብረት ክዳን ያያሉ። በቀኙ ጎማ ላይ ክዳኑን በመዶሻ ቀስ እያሉ ከጎን ከጎን መትቶ ማውጣት ይቻላል። በግራው በኩል ግን ይጠንቀቁ። የቮልስዋገን ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው በግራው የፊት ጎማ ነው፤ ገመዱ በዘንጉ ውስጥ አልፎ ጫፉ በክዳኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል። በጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማሰሪያ ሽቦ በቅድሚያ በፒንሳ ማውጣት አለብዎ። ይህን ያላወቀ ሰው ክዳኑን በግድ ሲስብ ገመዱን ያበላሻል።

ከክዳኑ ሥር ዳዶው አለ። በቆዩት ሞዴሎች ላይ ሁለት ዳዶዎች ከነመካከላቸው መቆለፊያ ቆርቆሮ ይገኛሉ፤ የታጠፈውን የቆርቆሮ ጠርዝ በካቻቪቴ አቃንተው ይፈቷቸዋል። በኋለኞቹ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ዳዶ ብቻ ሲሆን፣ እርሱን ጨብጦ የያዘውን ትንሽ ብሎን ባለ ስድስት ጎን በሆነ መፍቻ ያላሉታል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለ። የቀኙ ጎማ ዳዶ እንደ ማንኛውም ዳዶ ይፈታል፤ የግራው ጎማ ዳዶ ግን ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚፈታውም የሰዓት ዘንግ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ምክንያቱም የግራው ጎማ ወደ ፊት ሲሄድ የሚዞርበት አቅጣጫ ተራውን ዳዶ እየፈታ ሊጥለው ስለሚችል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ለመፍታት ሲታገል ይውልና፣ ሲያጠብቅ መዋሉን የሚያውቀው ጥርሱ ከተላጠ በኋላ ነው።

ዳዶው ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ሮንዴላ ያንሡ፤ ታምቡሩንም በሁለት እጅ ይዘው ነቅነቅ ሲያደርጉት ትንሹ ኩሽኔታ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። እርሱን ተቀብለው ታምቡሩን ቀጥ አድርገው ይሳቡ። እምቢ ቢል የፍሬኑ ሸራ ይዞት ነውና የፍሬኑን ማስተካከያ ወደ ኋላ መልሰው ያላሉት እንጂ በመዶሻ አይደብድቡት። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው ፍሬን እንዳይረግጥ ያስጠንቅቁ፤ የፍሬኑ ዘይት መግፊያዎች ከቦታቸው ይወጣሉና። በታምቡሩ ውስጥ ያለውንም አቧራ በአፍዎ ወይም በነፋስ አያቡንኑት። የድሮ የፍሬን ሸራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉት።

ማጠብና መመርመር

የጎማ ቀለበቱን በካቻቪቴ ፈንቅለው ትልቁን ኩሽኔታ ያውጡ። ሁሉንም በላምባ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁና ወደ ፀሐይ ይውሰዱት። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። ትንንሽ ጉድጓድ፣ ጭረት፣ የተላጠ ቅርፊት ወይም ሰማያዊ ቀለም ካዩበት ዕድሜው አልቋል። ዝገት ካለበት ውሃ ገብቶበታል፤ በክረምት ጎርፍ ያቋረጠ ወይም ወንዝ የተሻገረ መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ይደርስበታል።

የዘንጉንም ጫፍ ይመልከቱ። ቀለበቱ የተቀመጠበት ቦታ ከተፋቀ ወይም ከተቃጠለ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል ስለሆነ፣ ወደ ባለሙያ ይሂዱ። እኔም ከሸኖ የተመለስኩት ዘንጌ በመትረፉ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነው።

በታምቡሩ ውስጥ የቀሩት የውጭ ቀለበቶች ከአዲሱ ኩሽኔታ ጋር አብረው መለወጥ አለባቸው። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ቢቀመጥ ብዙም ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል። የናስ በትሩን ከወዲያኛው ወገን አስገብተው ቀለበቱን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጠርዝ እየመቱ ሳያጣምሙ ያውጡት። አዲሱን ሲያስገቡ ሰፊው አፉ ወደ ታምቡሩ ውጭ ይሁን። አሮጌውን ቀለበት ከላዩ አድርገው ቢመቱት አዲሱ አይጎዳም። ምቱ «ጥፍ ጥፍ» ከማለት ወደ «ቀጭ» ሲለወጥ ቀለበቱ ከመቀመጫው ደርሷል ማለት ነው።

ግራሶውን ማጉረስ

አዲስ ኩሽኔታ የሚቀባው ቅባት ብቻ አይበቃውም። በመዳፍዎ ላይ ግራሶ ይያዙና የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ወደ መዳፍዎ እየጫኑ፣ በተንከባላዮቹ መካከል ገብቶ በሌላው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ ዙሪያውን ያጉርሱት። በታምቡሩ ውስጥም መጠነኛ ግራሶ ይቀቡ፤ ነገር ግን ጢም ብሎ አይሙላ። ግራሶ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ቦታ ካጣ ቀለበቱን ጥሶ የፍሬኑን ሸራ ያርሳል፤ የራሰ ሸራም አይዝም። አሮጌውንና አዲሱን፣ ዓይነታቸውም የተለያየ ግራሶዎችን አይደባልቁ። አሸዋ ከሁሉ የከፋ ጠላት ስለሆነ እጅዎም መሬቱም ንጹሕ ይሁን። ትልቁን ኩሽኔታ በቦታው አስቀምጠው አዲሱን የጎማ ቀለበት ከታምቡሩ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን በቀስታ ያስገቡት፤ ከንፈሩንም ጥቂት ግራሶ ያስነኩት።

የሥራው ልብ፦ ማጥበቅ

ታምቡሩን በዘንጉ ላይ ቀጥ አድርገው ይግፉት፤ ትንሹን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን ይመልሱ። የእኔ ጥፋት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነውና በዝግታ ያንብቡ።

ታምቡሩን በአንድ እጅ እያሽከረከሩ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ታምቡሩ መክበድ ሲጀምር ያቁሙ። ይህን የምናደርገው ኩሽኔታዎቹ ከመቀመጫቸው እንዲደላደሉ ነው እንጂ እንዲሁ ለመተው አይደለም። ቀጥለው ዳዶውን በጥቂቱ መልሰው ያላሉ። አሁን የካቻቪቴውን ጫፍ በሮንዴላው ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ሳይፈነቅሉ፣ በጣት ኃይል ብቻ ወደ ጎን ይግፉት። ሮንዴላው እንደ ምንም ተንሸራተተ? እንግዲያውስ መጠኑ ደርሷል። ካልተነቃነቀ ጠብቋል፤ እንዲያው ከተንቀዋለለ ልቋል። ለሾጣጣው ኩሽኔታ የተወሰነው ልቀት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከአንዲት የጠጉር ዘለላ ውፍረት ብዙ አይርቅም። ሽማግሌው «መተንፈሻ» ያሉት ይህንን ነበር። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፤ የሚያብጥበት ቦታ ካጣ ራሱን ያቃጥላል።

ሁለት ዳዶ ያለው ሞዴል ከሆነ፣ የውስጡን ዳዶ በአንድ መፍቻ ይዘው የውጭውን ያጥብቁ፤ የውጭው ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ልክ ስለሚያዛባ ሮንዴላውን እንደ ገና ይፈትኑ፤ ከዚያም አዲሱን መቆለፊያ ቆርቆሮ ያጥፉት። አንድ ዳዶ ያለው ከሆነ ትንሿን ብሎን ያጥብቁና እንደዚሁ ይፈትኑ። በግራው በኩል የፍጥነት መለኪያውን ገመድ በክዳኑ ቀዳዳ አውጥተው በአዲስ ማሰሪያ ሽቦ ይያዙት። ያላሉትን ፍሬን ያስተካክሉ፤ ጎማውን መልሰው ብሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያቀያየሩ ያጥብቁ፤ መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙ።

ከመጓዝ በፊት

ቤተሰብ ሳያሳፍሩ፣ ከከተማ ሳይርቁ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ቆመው የታምቡሩን መሐል በጥንቃቄ ይንኩት። ለብ ካለ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ወደ ቤት ተመልሰው ልቀቱን ይመርምሩ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳም በኋላ ጎማውን አንሥተው አንድ ጊዜ ይወዝውዙት፤ አዲስ ዕቃ ሲደላደል ጥቂት ይላላልና። የሌላው ወገን ኩሽኔታ ደኅና ቢሆንም እንኳ አጥቦ ግራሶውን መለወጥ ብልህነት ነው።

ከቮልስዋገን ሌላ መኪና ያለው አንባቢ «ይህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ይል ይሆናል። በዘመናችን በተሠሩት በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ኩሽኔታው ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ አይፈታም፣ ግራሶም አይጨመርበትም፤ እንዳለ ይለወጣል እንጂ። ለብዙዎቹም የመጫኛ መኪና ስለሚያስፈልግ ሥራው የጋራዥ ነው። ሆኖም የምርመራው ዘዴ አንድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲሶቹም ቢሆኑ ጎማቸው የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው። ሥራውን ራስዎ ባይሠሩት እንኳ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «መኪናዬ ትጮኻለች» ከማለት ይልቅ «ወደ ቀኝ ስታጠፍ ከግራው የፊት ጎማ የሚብስ ጉርምርምታ አለ፤ ማርሽ ብቀይር አይለወጥም» ቢሉ፣ ሠራተኛው በአክብሮት ያዳምጥዎታል፤ ያልታመመውን ካምቢዮ ላውርድ የሚልም አይኖርም።

እኔ የሸኖውን ኩሽኔታ አልጣልኩትም። ሰማያዊ እንደ ሆነ በጽሕፈት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይጫናል። የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ታሪኩን እነግረዋለሁ፤ አክስቴ ግን ዛሬም በመኪናዬ ከመሳፈራቸው በፊት የግራውን ጎማ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል።